መልካቸው የተበላሸ የብር ሳንቲሞችን ያስጠጉት አክስታችን

አክስታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አሁን የጎማ መጋዘን በሆነው ግቢ ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ነበሩ ማለት ይገባኝ ነበር፤ እስካለፈው ሐሙስ ረፋድ ድረስ ግን «ናቸው» ስለነበር እጄ ገና አልለመደውም። ይህን እንድጽፍ የታዘዝኩት የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ብሳሳት ታገሡኝ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለዋል። እናቴ እንደምትለው በፈተና መካከለኛ፣ በጥያቄ ግን መምህራኑን የሚያስመርሩ ተማሪ ነበሩ። ከሁሉም ኬሚስትሪ ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ የእናታቸውን የብር ጉትቻ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር በቆርቆሮ ዘግተው አሳደሩት። ጠዋት ሲከፈት ጉትቻው ጥቁር ሆኗል። እናታቸው ሊቆጧቸው ሲነሱ እሳቸው በደስታ ያጨበጭቡ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በከተማው መሃል ባለ ፎቶ ቤት፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ ፎቶ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። ክፍሉ ደረጃ ስር ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገባበትም። አንድ ቀይ አምፖል፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሳህኖች፣ ከላይ ደግሞ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ የተንጠለጠሉ፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡ የማያውቋቸው ሰዎች ፊቶች። ጣቶቻቸው በመድኃኒቱ ጠይመው ቀሩ። እኛ ልጆች ሳለን አክስታችን ሁልጊዜ እንሶስላ የሞቁ ይመስለን ነበር።

ወደዚያው ፎቶ ቤት ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ፎቶው ተበላሸብኝ እያሉ ደጋግመው ተመላለሱ። ፎቶው ምንም አልሆነም፤ አክስታችንም ይህን ከጅምሩ ያውቁ ነበር። ዝም ብለው እንደገና እያጠቡ ይሰጧቸዋል። በ1975 ዓ.ም. ተጋቡ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሹፌሩ ዛሬ ከፊታችሁ የተቀመጡት አጎታችን ናቸው።

ከፎቶ ቤቱ ማዶ የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ነበር። አክስታችን አንድ ቀን የታጠበ ፎቶ ሊያደርሱለት ሄደው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጣሳ ሙሉ የብር ሳንቲም አዩ። አንዳንዱ ጉበት የመሰለ፣ አንዳንዱ እንደ ተመታ ገላ የበለዘ፣ አንዳንዱ ግማሹ ከሰል ግማሹ የሻይ አተላ ነው። ነጋዴው አስረዳቸው፦ ብር ሲያረጅ አንዳንዱ ሰማያዊና ወርቃማ ሆኖ ያምርበታል፣ ሰብሳቢም ይሻማበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ፊቱ ይበላሽና ፈላጊ ያጣል፣ ጣሳው ሲሞላ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። አክስታችን አንዷን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«እሷን ይተዉአት፣ ቆንጆ ላሳይዎት» አላቸው።

«ቆንጆዋን የሚወስዳት አይጠፋም» አሉት፤ ያቺን በቦርሳቸው ከተቱ።

ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። አባታቸው ክርና ቁልፍ ያስቀምጡበት የነበረው ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሣጥን፣ የተጠሉ ሳንቲሞች ማደሪያ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ፍራፍሬ ከማቅረባቸው በፊት መሳቢያ ይስባሉ። መሃሏን ጥቁር መስመር ያቋረጣትን ያሳዩና በላስቲክ ታስራ የኖረች ናት ይላሉ። የጨርቅ ድርና ማግ ፊቷ ላይ የታተመባትን ደግሞ የሆነ ሰው በሱፍ ጠቅልሎ ደብቋት እንደነበር ይናገራሉ። ማን እንደደበቃት፣ ለምን ሳይመለስላት እንደቀረ ሲያስቡ እንግዳውን ይረሱታል። ሴት ልጃቸው «እማዬ የሳንቲም ሆስፒታል ከፍታለች» ትል ነበር። በሰብሳቢዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የእሳቸውን ጠረጴዛ ያየ አንድ ሰው «ሳሙና ልግዛልዎት?» ቢላቸው ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ነበሩ።

በ2004 ዓ.ም. እናቴ ኦፕራሲዮን ስትሆን አክስታችን ሆስፒታል አብረዋት ሰነበቱ። ጡረታ የወጡት አጎታችን ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ባለቤታቸው ደክመው ሲመለሱ የሚያስደስታቸው ነገር ሲያስቡ፣ ቁም ሣጥኑ ታያቸው። የብር ማጽጃ ፈሳሽና የጥርስ ብሩሽ ገዙ። መሳቢያዎቹን በሙሉ አወጡ። አንዲትም ሳንቲም ሳያስቀሩ አጠቡ፣ ፈተጉ፣ በፎጣ ወለወሉ።

እኔ አክስቴን ከሆስፒታል አድርሼ ገና ጫማዬን አላወለቅኩም ነበር። እሳቸው የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳቡ። ሳንቲሞቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ዘጉትና ሁለተኛውን ሳቡ። ዘጉት። ሦስተኛውን ሳቡና ሳይዘጉት ተዉት። አጎታችን በሩ ላይ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ምስጋናቸውን እየጠበቁ ቆመዋል።

«ማን ነው ያጠባቸው?» አሉ አክስቴ።

«እኔ ነኛ! ክንዴ እስኪዝል።»

አክስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። እንዲያ ሆነው አይቻቸው ስለማላውቅ ውሃ አምጥቼ ብርጭቆውን እጃቸው ላይ ማስያዝ ነበረብኝ። ከዚያ «ደግ ሰው ነህ» አሏቸው አጎታችንን። በማግስቱም፣ በዚያ ሳምንትም ቁም ሣጥኑ አጠገብ አልደረሱም።

አጎታችን ነገሩ ስላልገባቸው ወደ ሳንቲም ነጋዴው ሄደው ጠየቁ። እሱም የታጠበው ሁሉ የዕድሜ ልክ ጥቁረት እንደሆነ፣ ያው መልክ ተመልሶ እንደማይመጣ ነገራቸው። ነጋዴው እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ አጎታችን ሱቁ መሃል ቆመው ቀሩ፣ ደንበኛ ሲገባም ሲወጣም አላዩም። ከዚያ በኋላ የድሮ ጓደኞቻቸው በሚነዱት አውቶቡስ እየተሳፈሩ በየከተማው መዞር ጀመሩ። በየሱቁ «ከሁሉ አስቀያሚውን አምጡልኝ» ይላሉ። ይህን የሰሙ ሻጮች አስቀያሚ ሲያልቅባቸው ራሳቸው ይሠሩላቸው ጀመር። አጎታችን ከረጢት ሞልተው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

አክስታችን አንዷን አንስተው አሸተቱ።

«ይህቺ የተቀቀለ እንቁላል ናት» አሉ። ሌላዋን አነሱ። «ይህቺ ደግሞ ክብሪት።»

አጎታችን ክው ብለው ቀሩ። አክስታችን ግን ከዚያ መከራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ ወንበሩን እስኪይዙ ሳቁ። አጎታችንም መሳቅ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ትንሽ ካዩ በኋላ ተከተሏቸው። እንቁላልና ክብሪት የሸተቱት ሳንቲሞች ከላይኛው መሳቢያ ገቡ፤ ሲጠየቁም «እነዚህ ለእኔ ተብለው የጠቆሩ ናቸው» ይሉ ነበር። የታጠቡትንም አልጣሏቸውም። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አሰጧቸውና እንደየፍጥርጥራቸው እንዲጠቁሩ ተዉአቸው። አጎታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስታችንን «ዝገቴ» እያሉ ጠሯቸው። ብር እንደማይዝግ ስንት ጊዜ ቢነገራቸው አልሰሙም።

አክስታችን ፎቶ ቤቱ ጨለማውን ክፍል ከዘጋ በኋላ በጉርድ ፎቶ ማንሻው ክፍል ትንሽ ሠርተው ጡረታ ወጡ። የልጅ ልጆች አዩ። ስብስባቸውም እንደገና ሞላ።

በዚህ ቦታ ሕመም መጻፍ የተለመደ ነው። የምጽፈው ሕመም የለኝም። ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ጠዋት አክስታችን ገበያ ወርደው በሽንኩርት ተከራክረዋል፤ ደረጃውንም ከእኔ ቀድመው ወጥተዋል። አጎታችን ያንን ሽንኩርት ወጥ ቤት ይከትፉ ጀመር። አክስቴ መስኮቱ ስር ተቀምጠው፣ አጎታችን በዚያ ሳምንት ያመጡላቸውን አንዲት ሳንቲም አወጡ። የብዙ ሰው ዓይን ያለፋት ዓይነት ናት፤ የበለዘች፣ ወደ ጠርዟ ቢጫ ነገር የፈሰሰባት።

«ነይ እስቲ፣ ያንቺ ዓይን ደህና ነው» አሉኝ። «እዚህ ጋ፣ ከጥቁሩ ስር፣ ምን ይታይሻል? እኔን መጀመሪያ ሳያት የመሰለኝ...»

ቃል የሚፈልጉ መስሎኝ ጠበቅኩ። ዓይኔ ሳንቲሟ ላይ ነበር። የሳንቲሟ ጥላ ከጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ቀና አልኩ።

ሐኪሙ የጭንቅላት የደም ሥር እንደፈነዳ፣ ምንም እንዳልተሰማቸው፣ ማንም ምንም ሊያደርግ እንደማይችል ነግሮናል። ሦስቱንም ሰምተናል። አንዱም ገና አልገባንም። አጎታችን ጩኸቴን ሰምተው ቢላዋውን እንደያዙ ሲመጡ፣ አክስቴን እንደደገፍኩ፣ ምን እያሉ እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሳንቲሟን ከመዳፋቸው አልለዩዋትም። ለቀስተኛ ሲመጣ ያሳዩታል፤ ሲሄድ ወደ እኔ ዞር ይላሉ።

«ምን መሰላት?» ይሉኛል። «አስቢ እስቲ። ምን ልትል ነበር?»

በጠዋት ብርሃንም በአምፖልም አይቻታለሁ። የአክስቴን ማጉያ መነጽር ይዤም አይቻታለሁ። ከጥቁሩ ስር ምንም አይታየኝም።

አክስታችን በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እናቴን፣ አንዲት እህታቸውን፣ ትተው ሄደዋል። ልጆቻቸው ከሳንቲሞቹ አንዲትም እንዳትታጠብ፣ አንዲትም ወደ ማቅለጫ እንዳትሄድ ተስማምተዋል።

ሌላው ዓይቶ ያለፈውን ሁሉ አንስተው መስኮት ድረስ ይዘው የሄዱ እጆቻቸውን ፈጣሪ በእጁ ይቀበላቸው። ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍ። ለአጎታችንም፣ መልስ ባይገኝ እንኳ፣ ጥያቄውን አብሯቸው የሚሸከም ሰው አያሳጣቸው።