ከዳማ ደረት ላይ የወረዱት ጠገራዎች

አያልዬ፣ የእኔ ፈረሰኛ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው መስከረም ጠባ። እንዴት ነህ ብዬ ብጀምር መልስህን አልሰማም፤ ደኅና ነኝ ብዬ ብጀምር ደግሞ መዋሸቴን ታውቃለህ። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼ የቤታችንን ነገር ልንገርህ።

ሙት ዓመትህን በደንብ አውጥተናል። ሰው ከጥሊሊም ከዳንግላም መጥቶ ነበር፤ ዕድሩም አላሳፈረኝም። የፈረስህ የዳማ ጋጣ አሁን የዘር ድንች ማስቀመጫ ሆኗል። ዳማን እህትህ የሻረግ ወስዳ ታሳድረዋለች፤ እኔ ፈረስ ጆሮውን ባቆመ ቁጥር በር የምዘጋ ሴት መሆኔን አንተ ታውቃለህ። ከጓሮ የተከልኸው የዲከረንስ ዛፍ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል። ከሰል አክሳዮቹ ሽጪልን እያሉ ይመላለሳሉ፣ እኔም ገና ነው እያልሁ እመልሳቸዋለሁ። ለምን ገና እንደሆነ ለራሴም አላውቀውም።

ሱቁን አልዘጋሁትም። ጨውና ሳሙና ክብሪትም እሸጣለሁ። አሁንም አንድ ሽማግሌ ከመቀነቱ ፈትቶ የንጉሡን ዘመን ሳንቲም ሲያወጣ እጄ ቀድሞኝ ይዘረጋል። ለጓደኞችህ ሚስቴ ዝገት ለቃሚ ናት እያልህ ስታስቅብኝ እንዴት እናደድ እንደነበር ታስታውሳለህ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ የእኔዋ ደግሞ ሳንቲም ጨመረችበት ትል ነበር። እንዲያ እያልህም ጫግኒ ለጉዳይ በሄድህ ቁጥር ከእህል ነጋዴዎቹ ዘንድ የተረሳ ሳንቲም ፈልገህ ሳታመጣልኝ አትቀርም። በመሐረብህ ቋጥረህ ታመጣና ኪሴ ውስጥ ተገኘ ትለኛለህ። እኔ ያንተን ነገር እንዲያ አላከበርሁልህም። የዛሬው ደብዳቤዬም ስለዚሁ ነው።

ዳንግላ ላይ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጁ ነው። ሳንቲም የምለዋወጣቸውን ጡረተኛውን ፋርማሲስት አቶ ሙሉቀንን ታውቃቸዋለህ፤ እሳቸው ናቸው የደወሉልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እየደጋገሙ፣ ለእርስዎም ጠረጴዛ ይዘናል አሉኝ። ተወልጄ ባደግሁባት ከተማ፣ ሰው ሁሉ ሊያይልኝ ነው። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንተ ከሄድህ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ወዲያው አፈርሁና ጎረቤት የሰማኝ ይመስል በሩን አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ዝግጅት ሆነ ሥራዬ። ካርቶን ቆራረጥሁ፣ ላስቲክ ገዛሁ፣ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ዘመኑንና ከምን እንደተሠራ የሚናገር ትንሽ ካርድ ጻፍሁ። ነጠላዬን አሳጠብሁ። ሌሊት ሌሊት ሰዎቹ ምን ይጠይቁኝ ይሆን እያልሁ ስመልስ አድራለሁ። እንደ ሙሽራ ሽር ጉድ ስል ቆይቼ የአልበሙ መጨረሻ ገጽ ላይ ደረስሁ። ያንተ ጠገራ ብሮች እዚያ ናቸው።

የበሷቸው አባትህ ነበሩ። ከአባታቸው የወረሷቸውን ብሮች ጠርዛቸው አጠገብ በስተው፣ በጠፍር ላይ ደርድረው ለፈረሳቸው ደረት ሰጡት። ከእሳቸው ወደ አንተ፣ ከእሳቸው ፈረስም ወደ ዳማ ተላለፈ። ዳማ ሲጋልብ ድምፃቸው ከሜዳው ማዶ ይሰማል፤ ሰው አንተን ሳያይ አያሌው መጣ ይላል። ለእኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ብር ከብር ሲፋጭ፣ በላያቸው የተቀረጸው የንግሥቲቱ ፊት ሲላጥ ነበር። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ብር ለፈረስ መጫወቻ ይሆናል ወይ እያልሁ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ነዘነዝሁህ።

በመጨረሻው የጥር ጊዮርጊስህ ግልቢያ ላይ አንዱ ከጠፍሩ ተበጥሶ ሣር ውስጥ ወደቀ። ፀሐይ እስክትገባ ጓደኞችህን አስጎንብሰህ ፈልገህ አገኘኸው። ቤት ስትገባ እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጠበቅሁህ፤ ያልተናገርሁህ ነገር የለም። ሳትከራከረኝ ጠፍሩን ፈታህና ብሮቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጥህልኝ። ለሚመጣው ጥር ትመልሽልኛለሽ አልኸኝ፤ እመልሳለሁ አልሁህ። ሐምሌ ላይ ታመምህ፣ ሐምሌ ሳይወጣ ሄድህ።

ለቅሶህ ዕለት ዝናቡ ትንሽ ተወን። ያገርህ ፈረሰኞች እንደ ወጉ ዳማን ጭነው አወጡት። ኮርቻህ አለ፣ ግላስህ አለ፣ የደረቱ ጠፍር ግን ባዶውን ነበር። ብሮቹ እኔ ከተቀመጥሁበት ብዙም ሳይርቁ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በሣጥኔ ተቆልፎባቸዋል። አንድ ሰው ጠርቼ ቁልፉን ብሰጥ የሚያልቅ ነገር ነበር። ልናገር አፌ ድረስ መጣ። ከዚያ ምን እንዳሰብሁ ከእኔ ስማው፤ በዚህ ግርግር፣ በዚህ ጭቃ፣ አንዱ ቢወድቅስ ብዬ አሰብሁ። አስከሬንህ ፊቴ ተጋድሞ እኔ ለብር ሳሳሁ። ዝም አልሁ፤ ዳማም ድምፅ ሳያሰማ ለቀስተኛውን ዞረ።

አስለቃሿ በአገውኛ ስታወርድ ከዳማ ስም በቀር የገባኝ አልነበረም። ይህን ያህል ዓመት አብሬህ ኖሬ በቋንቋችሁ ከሰላምታ አላለፍሁም፤ ይህም አንዱ ጥፋቴ ነው። ኋላ የነገረችኝ የሻረግ ናት። ዳማ ሆይ፣ ድምፅህን ማን ወሰደብህ ነው ያለችው አለችኝ። ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም፤ ማን እንደወሰደበት ታውቃለቻ።

አልተጣላንም። ሰላም ትለኛለች፣ ድንች ትልክልኛለች፣ ለሙት ዓመትህም ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ በኋላ ሄደች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ አረፍ ብላ አታውቅም። የምታወራኝ ቆማ ነው፤ ተቀመጪ ስላት እቸኩላለሁ ትላለች። የምትቸኩልበት ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

እና ለዐውደ ርዕዩ ያንተን ብሮች ላወጣ ስል እጄ ከበደኝ። አቶ ሙሉቀን የተበሳ ብር በሰብሳቢ ዘንድ ይረክሳል፣ ቢሆንም ያምጧቸው፣ ሰው ይያቸው ብለውኛል። እንዳያጥቧቸውም አስጠንቅቀውኛል። እኔ መች አጥቤያቸው፤ በጀርባቸው ያለው ጥቁረት የዳማ ላብና አንተ ጠፍሩን የምትቀባው ቅቤ ነው። ዘመናቸውን ጻፍሁ፣ ብር መሆናቸውን ጻፍሁ። ካርዱ ላይ ባለቤት የሚል መስመር አለ። ለሌሎቹ ሁሉ ሳላመነታ ስሜን የጻፍሁት ሴትዮ እዚያ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ብሮቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ የሻረግ ሄድሁ። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ነው። ደጇ ላይ የዘር ድንች ትለቅማለች። ዳማ ከዛፉ ሥር ታስሯል፤ ከሳ ብለህ እንዳታስብ፣ እንዲያውም ወፍሯል። መንገድ ለመንገድ ብዙ ንግግር አሰናድቼ ነበር። ደርሼ ነጠላዬን ፈትቼ ብሮቹን ከድንቹ አጠገብ ሳስቀምጥ እሰሪለት ከማለት በቀር ሌላ አልወጣኝም።

የሻረግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አንዱን አነሳች፤ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለችኝ። በቁጣ አይደለም አያልዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ እንደማለት ነው ያለችው። የሚፈለገው ያኔ ነበር፣ አሁንማ ፈረሱም ባዶውን መሄድ ለምዶታል አለች። እኔ አለቀስሁ። እሷ አላባበለችኝም። የተቀመጠችባትን ዱካዋን ለቃ ወደ እኔ ገፋችልኝና ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። አብረን ድንች ለቀምን፤ የበሰበሰውን ለብቻ፣ ያቆጠቆጠውን ለብቻ። ያወራነውም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር።

ልሄድ ስነሳ ብሮቹን ራሷ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠረችልኝ። ዳንግላ ውሰጃቸው፣ ሰው ይያቸው አለችኝ። ግን የማን ናቸው ብለው ሲጠይቁሽ እንደዚያን ቀን ዝም እንዳትዪ።

ቤቴ ገብቼ ካርዱን ጨረስሁት። ባለቤት በሚለው መስመር ላይ ያንተንና የአባትህን ስም አጠገብ ላጠገብ ጻፍሁ። ከሥሩ፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነ በደቃቁ፣ እነዚህ ብሮች በባለቤታቸው ለቅሶ ቀን ፈረሱ ደረት ላይ መዋል ሲገባቸው ሚስቱ ሣጥን ውስጥ ስላስቀረቻቸው አልዋሉም ብዬ ጨመርሁበት። አቶ ሙሉቀን እንዲህ ያለ ነገር በካርድ አይጻፍም ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ፤ እኔ አልፍቀውም።

ነገ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። ደስ እንደሚለኝ አልደብቅህም፤ ደስ ስለሚለኝም ይቅር በለኝ። ሰዎቹ መጥተው ያያሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ከዚያም እንዴት ያለች ጎበዝ ናት ጠብቃ ያቆየቻቸው ይሉኛል። ሰብሳቢን የሚያሞግሱት በዚሁ ነው፤ እኔም ስንት ዓመት ይህን ለመስማት ጓጉቻለሁ። ሲሉኝ ግን አንገቴን ደፍቼ አልቀበልም። ብሩን ጠበቅሁ፣ ባሌን ግን ባዶውን ሸኘሁት እላቸዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ እላለሁ፤ ላልጠየቀኝም እላለሁ። ሌላው ሰው ደግነትህንና ግልቢያህን ያስታውስልህ። እኔ እሱንም ዝምታዬንም ሳልነጣጥል እስከ ዕለተ ሞቴ አስታውሳለሁ።

ሚስትህ ስንዱ
ከእንጅባራ