ወንዙ ዳር የተመነጠረው ቁጥቋጦ

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? የአዲስ አበባው ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኔ ልጅዎ፣ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው። አራሷ ልጄ ሔራንም ከነወንድ ልጇ ደህና ናት።

የምጽፈውን በስልክ ያልነገርሁዎ ድምፅዎን ስሰማ እንደምረታ ስለማውቅ ነው። እኅቴ የሺአረግ ሳትዘል ታንብብልዎ።

ከሦስት ዓመት በፊት እሷ ዘንድ ሲሄዱ ግቢዎንና ዘጌ መንገድ ያለውን የወንዛችንን ዳር አደራ ብለውኝ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት የዶቅማ ዛፍ ችግኝ፣ የሰንሰሉና የአጋሙ ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ካለበት ሥር ተከልሁ። ብርሃን አጥተው እንደ ክር ቀጠኑ፤ ቅጠላቸው ገረጣ፤ ሞቱ። በሁለተኛው ክረምት ሌላ ተክዬ፣ ከየችግኙ አናት በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆረጥሁ። ዙሪያውን አልነካሁም። ሁለት በጋ መሬቱ ርጥበቱን ይዞ፣ ፍየልም እሾኹን አልፋ ሳትገባ፣ ሠላሳ ሰባቱ ወገቤ ደረሱ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ለይትባረክ ነገርሁት። ወንድሜ ነው ብዬ።

ግንቦት ላይ ሔራንን ላርስ ፋሲሎ እሷ ቤት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ዳሩን ተላጭቶ አገኘሁት። ሰንሰሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ተቃጥሏል፤ በቦታው የባሕር ዛፍ ችግኝ ተተክሏል። ችግኞቼን ፀሐይ አጠውልጓቸዋል፤ የቀረውን ፍየል በልቶታል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አፈሩን ጠርጎ ወደ ጣና ወሰደው። ከዶቅማዎቼ ሦስት ችግኝ ቀረ።

ይትባረክን ብጠይቀው፣ «ቁጥቋጦው ችግኙን ያፍነዋል ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ለአባባ ይህንኑ ነግሬ ፈቅደውልኛል» አለኝ። ውሸቱን መስሎኝ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህሁበት። ከዚያ የሺአረግ ጋ ደወልሁ። «እውነቱን ነው፤ ሲነጋገሩ ስልኩን የያዝሁላቸው እኔ ነኝ» አለች።

አባባ፣ ይትባረክ ከቃሌ ግማሹን ቆርጦ ወሰደ፤ ዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ችግኙን ከፀሐይና ከፍየል ይጠብቃል ያልሁትን ተወ። ባሕር ዛፍ ሲያምረው እንደኖረ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ሌላውን ግማሽ ለምን አልጠየቁኝም? በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እየደወሉ ስለ አራሷ ይጠይቁኝ ነበር፤ ዳሩ እየተመነጠረ መሆኑን እያወቁ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዛፎቹ ይልቅ ይህ አቃጠለኝ።

ሦስቱን ችግኞች በእሾህ አጥሬ ለጎረቤታችን ለአስማማው አደራ ሰጠሁ።

የሺአረግን፣ ባሏን ግሩምን፣ ትንሿን ጸሎትን ሰላም ይበሉልኝ። የሺአረግ አፍራ ስልኬን ማንሣት ትታለች፤ ታንሣ። ሔራን ጉልበትዎን ትስማለች። ለልጇ ስም እንዲያወጡለት ለምኚልኝ ብላኝ ነበር፤ እኔ አልለምንም፤ እሷ ትንገርዎ።

መልስ የሚልኩልኝ ከሆነ ሔራን ቤት ነኝ። ከእርስዎ ግቢ ወጥቻለሁ።

ልጅዎ አገርነሽ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.