ረጅሙ ሌንስና የልጄ የአድነው ድርሻ

ግንቦት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ጉለሌ፣ በመኖሪያ ቤቴ።

እኔ ሙሉእመቤት ተክለሃይማኖት እግሬ ከአልጋ ባይወርድም አእምሮዬ አልተዛባም፤ ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። አቶ ጌቱ እየጻፈ፣ ምስክሮቹ እየሰሙ፣ ከሞቴ በኋላ እንዲፈጸም የምፈልገውን እናገራለሁ።

አንደኛ፣ የሟች ባለቤቴ የአቶ ወልዱ ካሜራና ሁለቱ ሌንሶች ለእህቴ ልጅ ለሠርካዲስ ይሁኑ። የእንጀራ ልጄ ጉልላት፣ «ሴት ካሜራ ምን ያደርግላታል» ብለሃል። እሷ ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጥብ አንተ የት እንደምትውል ጎረቤት ያውቃል። ላንተ የአባትህ አልጋና ሰዓት ይድረሱህ። ሰዓቱ ይሠራል።

ሠርካዲስ፣ ሥራው እንዳይበላሽብሽ ልምከርሽ። አገር ስታነሺ አጭሩን ሌንስ ያዢ፤ ሸለቆውንም ሰማዩንም ሰብስቦ ያስገባል፣ ሩቁን ግን የባሰ ያርቀዋል። ፊት ስታነሺ ረጅሙን አድርጊና ራቅ ብለሽ ቁሚ። መልክ ሳይዛባ ይወጣል፣ ከሰውየው ኋላ ያለው ግን ይቀርባል። ወልዱ በደህናው ጊዜ፣ «ሙሉ፣ በዚህ ሌንስ እንጦጦን በሰው ትከሻ ላይ አሸክማለሁ» ይለኝ ነበር።

ከጓሯችን በስተ ሰሜን፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ብቻውን የቆመ ጽድ አለ። ልጄ አድነው በ1970 ዓ.ም.፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከዚህ ቤት ተወስዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ውስጥ በረጅሙ ሌንስ በተነሣ ፎቶ ሁሉ ከጽዱ ሥር አንድ ሰው ይቆማል። በዓይን ሲያዩት ማንም የለም። ልጄ ነው። የለበሰውን ሹራብ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ወልዱ ያውቅ ነበር። ፊልሙ ላይ በእርሳስ እየደመሰሰ ያጠፋው ነበር። አንድ ቀን ደረስኩበት።

«ማንን ነው የምትደመስሰው?»

«ማንንም። ጥላ ነው።»

«ጥላ ሹራብ ይለብሳል?»

«ዝም በይ ሴትዮ። ቀበሌ ቢያየው የሚጠየቀው ማን ነው?»

በማግስቱ ረጅሙን ሌንስ ቆልፎበት የሰው ፊት በአጭሩ ማንሣት ጀመረ። በአጭሩ ጽዱ የክብሪት ራስ አያህልም። ሰው ግን በአጭሩ ሲቀርቡት አፍንጫው ያብጣል። እዚህ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ደሳለች ፎቶዋን ተቀብላ፣ «ጋሼ ወልዱ፣ አፍንጫዬ ቀድሞኝ መጣ እኮ» አለችው። ደንበኛው ሁሉ ዊንጌት ወዳሉት ፎቶ ቤቶች ሸሸ። ልጁን ላለማየት ሥራውን ገደለ። ይህን ይቅር አላልኩትም፤ የነፍስ አባቴ መምሬ ፀሐዬም ይስሙ።

በ1973 ዓ.ም. ወልዱ ሲሞት ቁልፉን ሰበርኩ። ሠርካዲስን ከጽዱ ሥር አቁሜ እኔው ከጓሮ አነሣኋት። ስትመለስ፣ «ማንም የለም አክስቴ፣ ግራ ትከሻዬን ብቻ በረደኝ» አለችኝ። ፊልሙ ሲታጠብ ሁለት ነበሩ። እሱ በግራዋ ቆሟል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቤቱ። ግማሹ በአባቱ በኩል የጉልላት ነው፤ አልነካበትም። የእኔ ግማሽ የአድነው ነው። ጉልላት፣ «እትዬ፣ ፍትሐቱ ይደረግና ስሙ ከወራሽ ይውጣ፤ ለሞተ ሰው ድርሻ አይያዝም» ትለኛለህ። አንተ ነህ የቀበርከው?

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። በየፋሲካው ሠርካዲስ ጓሮ ታነሣኛለች፣ እኔም ከፎቶው ጀርባ ዓመቱን እጽፋለሁ። በዓመታቸው ስደረድራቸው ልጄ ያረጃል። ጢሙ አደገ፣ ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሸ። ገና በሃያ ስምንት ዓመቱ እንደ አባቱ ሸብቷል፣ ጎብጧልም። በምን ዓይነት ቦታ ዓመቱ እንዲህ እንደሚሮጥ አላውቅም። ሙት ግን አያረጅም። ስለዚህ ፍትሐት አታድርጉለት። ድርሻው ይጠበቅለት፤ እስኪመጣ ሠርካዲስ ትኑርበት።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው መጥቶ «አድነው ነኝ» ቢል መታወቂያ አትጠይቁት። በምልክትም፣ በጠባሳም፣ በድምፅም አትመኑ። ጓሮ አስቀምጡትና ሠርካዲስ ጽዱን ከበስተኋላው አድርጋ በረጅሙ ሌንስ ታንሣው። ፊልሙ እስኪታጠብ ደጅ ይጠብቅ። ከጽዱ ሥር ማንም ከሌለ ልጄ ወርዷል፤ ቁልፉን ስጡት። ያ ሰው አሁንም እዚያው ቆሞ ከታየ ግን፣ የመጣውን እንግዳ አብሉት፣ አጠጡት። በልጄ ስም አትጥሩት። አታሳድሩት።

አቶ ጌቱ አንብቦልኛል፤ ቃሌ ነው። አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ አልነክርም፤ ስሜን በእጄ እጽፋለሁ።

ሙሉእመቤት ተክለሃይማኖት

ምስክሮች፦

ጌቱ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማ።

ደሳለች፣ ሰምቻለሁ። ፊርማ።

ለታ፣ ሰምቻለሁ። ፊርማ።

መምሬ ፀሐዬ፣ የነፍስ አባቷ። አእምሮዋ ጤነኛ መሆኑን እመሰክራለሁ። የዘንድሮውን የፋሲካ ፎቶ በማጉያ መነጽር አይቻለሁ። የአድነውን ፍትሐት አላደርስም። ፊርማ።