ማሽኑ እምቢ ያለበት ጥር

ጥር 2

ሙቀት፣ አቧራ፣ አዳማ። የወይዘሮ ሙሉብርሃንን የግቢ በር ዛሬ ጀመርኩ። ቱቦላሬ ብረቱን ቆርጬ ጨርሻለሁ፣ ነገ ብየዳ። ልጃቸውን ጥር 20 ይድራሉ። አሮጌውን በር አስነቅለው ግቢውን በቆርቆሮ ከልለውታል። "ሙሽራዋ በቆርቆሮ ስር ሾልካ እንድትወጣ አልፈልግም" አሉኝ። እኔም አልፈልግም። አባዬ የብየዳ ሱቁን ከተወልኝ ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ነው።

ራት ላይ አባዬ ስለ በሩ ጠየቀኝ። "ማጠፊያውን ስንት ቦታ ልታደርጊው ነው?"

"አስቤበታለሁ።"

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። የዓይን ሐኪሟ የብየዳ ብርሃን እንዳያይ ከከለከለችው ጀምሮ ውሎው ሶፋ ላይ ነው። ሲደብረው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል።

ጥር 3

የብየዳ ማሽኑ እምቢ አለ።

ትናንት ስሞክረው ደህና ነበር እኮ። ስከፍተው ይጮኻል። መብራት አለ። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫር ሳደርገው ግን… ምንም። ብልጭ እንኳን አይልም። ኤሌክትሮድ ቀየርኩ። ምንም። ግራውንዱን፣ ያ ብረቱን ነክሶ የሚይዘውን መቆንጠጫ፣ ነቅዬ ሌላ ቦታ አስነከስኩት። ምንም። ሰደብኩት። ምንም።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ሙሉብርሃን ሥራውን ሊያዩ ከተፍ አሉ። ቀጥሎ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አባዬ። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ። "ከመስጊድ ስመለስ በዚህ ሳልፍ…" አለ። መስጊዱ እኮ በወዲያ በኩል ነው።

ግራውንዱን አነሳ፣ ጥርሶቹን በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረገ። "በይ ሞክሪ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ጫር ሳደርገው እሳቱ ተነሳ።

"ጋሽ ጂብሪል፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?" አሉ ወይዘሮ ሙሉብርሃን። እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

"ልጅ ናት፣ ትለምዳለች" አለ አባዬ።

ትለምዳለች? የብየዳ ማስክ የለበስኩት ቦርሳ መያዝ ሳልጀምር ነው።

ጥር 4

የግራውንዱ ጥርስ ንጹሕ ነበር። አይቼዋለሁ። እንዲያውም ያብለጨልጭ ነበር… ታዲያ አባዬ ምኑን ነው የፋቀው?

ጥር 7

ዛሬም እምቢ አለ። ግራውንዱን ራሴ ሞረድኩት። አልሆነም። ኤሌክትሮዱን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አልሆነም። በሩ በግማሽ ቀርቷል፣ ወይዘሮ ሙሉብርሃን በርጩማ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ያራግባሉ።

አባዬ መጣ። ብርቱካን ይዞ። "ትበይ እንደሆነ ብዬ…"

ብርቱካኑን አስቀመጠና ግራ ቀኝ ሳያይ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሮድ መያዣው ሄደ። እጀታውን ፈታ። ውስጡ ያለው ብሎን ላልቶ ገመዱ ወጥቷል። አጠበቀው፣ ዞረ፣ "ሞክሪ" አለ። ሠራ።

የፈታበት ካቻቢቴ የወጣው ከራሱ ኪስ ነው። ሰው ብርቱካን ሊገዛ ካቻቢቴ ይዞ ይወጣል?

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ሲሄዱ ወደ ጎን ጠሩኝ። "ሃዊዬ፣ አትቀየሚኝ። አባትሽ ሁልጊዜ አይገኙም። እንደገና እንደዚህ ከሆነ ሌላ ሰው ላናግር ነው። ሰርግ ነው ያለብኝ።"

እሺ አልኩ።

ጥር 8

ታናሽ እህቴ ጂጂ ጠዋት ቤቱን አተራመሰችው። ኩቴክሷ ጠፋ። ያ ቀለም የሌለው፣ እንደ ውሃ ያለው።

"ማን ነው የወሰደው? እማዬ አትቀባም። ሃዊ ደግሞ ጥፍር የላትም።"

አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ቆይ… ቆይ ቆይ።

ሱቅ ሮጥኩ። ግራውንዱን ገልብጬ ሞረድ ያልደረሰበት ጥግ ፈለግኩ። በካቻቢቴ ጫፍ ስጭረው ቀጭን ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ኩቴክስ። ደራርቦ ቀብቶታል። እንደዚህ የተለበጠ ብረት ኤሌክትሪክ እንዴት ያሳልፋል? መያዣውንም የፈታው እሱ ነው። የሱቁ ትርፍ ቁልፍ ያለው እሱ ጋር ነው።

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴት። ከዚያ እንደገና ሳቅ። ቀጥሎ ደግሞ የወይዘሮ ሙሉብርሃን ፊት ትዝ አለኝ፣ ሳቁ ቆመ።

ጥር 9

አልነገርኩትም። ብነግረው ይክዳል፣ አውቀዋለሁ።

ማሽኑን ነቅዬ ጀርባው ላይ ገመዱ የሚታሰርበትን ብሎን ፈታሁ። የገመዱን ጫፍ በላስቲክ ጠቀለልኩና መልሼ አሰርኩት። ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። አባዬ እንዴት እንደሚደሰት ዛሬ ገባኝ። ደስ ይላል።

ጥር 10

ደወልኩለት። "አባዬ፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ።"

"እንደገና?" አለ። የምር ነው የገረመው።

መጣ። መጀመሪያ ግራውንዱን። ሞረደው፣ "ሞክሪ"። ምንም። ፈገግ ብሎ መያዣውን ፈታ። ብሎኑ ጠብቋል። ፈገግታው ቀነሰ። ኤሌክትሮዱን አሸተተ። ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ። ተንበረከከ፣ ተነሳ፣ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ላብ በላብ ሆነ። እኔ እጄን አጣምሬ "ከግራውንዱ ይሆን እንዴ?" እያልኩ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ ለራሱ አጉተመተመ። "ይሄኛው የኔ አይደለም።"

"የትኛው ነው ያንተ?" አልኩት።

ቀስ ብሎ ዞረ። አየኝ፣ ማሽኑን አየ። ከዚያ ላሜራው ላይ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ፣ ሆዱን ይዞ። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ተጋባብኝና አብሬው ሳቅኩ።

ሲበርድልን ወይዘሮ ሙሉብርሃን ያሉኝን ነገርኩት። ሥራውን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄን አላሰብኩም" አለ።

"ታዲያ ምን አስበህ ነው?"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ብዙ ጠረገው። "ስልኬ አይጮኽም፣ ኢንተላ ኮ። ድሮ ማሽን ሲበላሽ ከአቦምሳ ድረስ ይደውሉልኝ ነበር። አሁን አንቺ እንኳን… ስለ ማጠፊያው ስጠይቅሽ አስቤበታለሁ አልሽኝ።"

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ካለኝ ቆይቷል። ላስቲኩን ያደረግኩበትን ቦታ አሳየሁት። "ጥሩ ቦታ ነው" አለኝ።

ጥር 11

አባዬ ሳይነግረኝ ወይዘሮ ሙሉብርሃን ቤት ሄዷል። ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ።

"ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ ምንም አልጎደላትም። የጎደለው እኔ ጋር ነው" ብሏቸዋል።

"እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ?" ብለው ተቆጡት። ከዚያ ግን ሁለቴ አስደገሙት፣ በተለይ የኩቴክሱን። ሥራውም አልተነሳብኝም። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ "በሩ እስኪተከል የአባትሽን እጅ ጠብቂ።"

ጥር 15

በሩ ሊያልቅ ነው። ማጠፊያውን ሁለት ቦታ አስቤ ነበር። አባዬ ሦስት አለ፣ ለከባድ በር ሁለት አይበቃም፣ ይረግባል አለ። ተከራከርን። እሱ ነው ልክ። "እንዳልክ" ብቻ አልኩት።

ለጂጂ ኩቴክስ ተካላት። ደማቅ ቀይ። "ቀለም ያለው ይሻላል፣ ሲሰረቅ ይታወቃል" አላት።

ጥር 20

ሙሽራዋ በበሩ ወጣች። ቬሎዋ የትም አልነካም። አጃቢው ሲጨፍር በሩ ላይ ተደግፎበት ነበር፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን እስኪነሱ ድረስ ማጠፊያዎቹን እቆጥር ነበር።

አባዬ ድንኳኑ ውስጥ ታሪኩን ይተርካል። እሱ ሲያወራው እኔ ከመጀመሪያው ቀን የነቃሁበት ብልጥ ነኝ። አላረምኩትም። ከሙሽራው ወገን የመጣ የቡልቡላ ሰው፣ ጋራዥ ያለው፣ ጠጋ ብሎ "እኔም ጋ እሳት አልሰጥ ያለ ማሽን አለ፣ ይህን ያህል ማበላሸት የሚያውቅ ሰው መጠገንም አያቅተውም" አለው። አባዬ ስልክ ቁጥሩን ሁለቴ ነገረው።

የካቲት 6

አባዬ ቡልቡላ ነው። ለጥገና ሲወጣ በዚህ ወር ሁለተኛው ነው፣ ባለፈው መልካሳ ነበር። እማዬ የፈቀደችው በውል ነው፦ እሱ ይፈታል፣ ያስራል፤ እሳቱን የሚሞክረው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ድምፁን ይሰማል። ከድምፁ ይለየዋል። ጠዋት ሲወጣ ፀጉሩን አበጥሮ ነበር።

ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የመስኮት ፍርግርግ እበይዳለሁ። ረፋድ ላይ እሳቱ ይቆራረጥ ጀመር። የገመዱ ጫፍ አርጅቶ ተበልቷል። ቆርጬ አዲስ ጫፍ አሰርኩለት፣ ወዲያው ተስተካከለ።

ከሰዓት ደወለ። የቡልቡላው ማሽን ተነስቷል። ምሳ ጋብዘውታል። ሦስት ሰው ቆሞ ሲያየው እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያንቺው እንዴት ዋለ?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"እ… ጥሩ ነዋ" አለ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"እሳቱ ግን ትንሽ የሚቆራረጥ መሰለኝ" አልኩት።

"አትንኪው" አለኝ ቶሎ ብሎ። "ነገ በጠዋት መጥቼ አየዋለሁ።"

እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ያሰርኩትን የገመድ ጫፍ መልሼ ላላ አደረግኩት።