ማኅበርተኛዬን አልፈትሽም

ኅዳር 9 ቀን 1995

ውርጭ ነው። ጣቴ እርሳሱን አልይዝ ብሏል።

ዛሬ ችሎት ነበር። የበግ ክስ፣ የድንበር ክስ፣ አንድ የቀለብ። ባለጉዳዮች በር ላይ ያስረከቡኝ ሃያ ስምንት ዱላ ካቡ ላይ ተደግፎ ዋለ። አንዱንም ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ከዘመሮ የመጣው ሰውዬ ዱላውን ሲቀበለኝ፣ ያለ ምልክት እንዴት ለየኸው አለኝ። ዱላህ ካንተ ይልቅ መልክ አለው አልኩት። ሳቀ።

ደብተሩን የሰጠችኝ የመዝገብ ቤቷ ጌታነሽ ናት። በበሩ የሚገባ የሚወጣውን ይጻፉበት ብላ ነበር። እሱን በዓይኔ ነው የምይዘው። ግን ባለቤቴ በለጠች ከሞተች ወዲህ፣ ቤት ስገባ የዋልኩትን የምነግረው ሰው የለም። መሠረተ ትምህርት ላይ የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ትብቃ።

ጌታነሽ ሌላም አለች። ፖሊሱ፣ ሚሊሻው፣ እኛ የፍርድ ቤት ዘበኞች... ሁላችንም በአንድ አለቃ ሥር ልንሆን ነው። እስከ ዛሬ እኔ ለዳኛው ነበርኩ። ፖሊሱ ለራሱ፣ ሚሊሻው ለራሱ። አንድ ስንሆን እኔ የማን ነኝ?

ኅዳር 13

ስብሰባ። አዲሱ አለቃ ኢንስፔክተር አንዷለም ይባላል። ቢበዛ ሠላሳ ቢሆነው ነው። ሲናገር ያምርበታል። "አባባ" አለኝ። ስም አለኝ፣ ተገኘ እባላለሁ አልኩ። "አቶ ተገኘ" ብሎ አስተካከለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

የገባኝን ልጻፍ። አንድ በር ይኖራል። ሰው ይሰለፋል። ማንም ሳይፈተሽ አይገባም።

ያልገባኝ... ቄስም? ሽማግሌም? እኔስ ስገባ ማን ነው የሚፈትሸኝ?

ኅዳር 23

የጓሮውን በር በሚስማር መቱት። አራት ሚስማር።

በዚያ በር አሥራ አንድ ዓመት ስንቱን አሳልፌያለሁ። የነፍስ ጉዳይ ያለ ቀን የገዳይን ወገን በፊት በር፣ የሟችን ወገን በጓሮ ነው የማስገባው። እርቅ ያልወረደላቸው ደመኞች ፊት ለፊት አይገናኙም። ይሄን የማያውቅ ማን አለ?

አለቃው አያውቅም። ነገርኩት። መሣሪያ ካልያዙ ቢተያዩስ ምን ይሆናል አለኝ። መተያየቱ ራሱ ነው ነገሩ አልኩት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ፣ ከዚያ ሚስማሩ ይቆይ አለ። አልገባውም። ወይስ ያልገባኝ እኔ ነኝ?

ታኅሣሥ 16 ከዞን ዳኞች መጥተው ያስችላሉ። የወንዳፈራሁ ልጅ ጉዳይ ነው። ልጁን እሱባለውን ሐምሌ ላይ የጫኔ ልጅ ግጦሽ ድንበር ላይ ተኩሶ ገደለው። ወንዳፈራሁ የጽዋ ማኅበርተኛዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ባንድ ጽዋ ጠጥተናል። በለጠች ስትሞት መቃብሯን የቆፈረው እሱ ነው።

እሱ ከነጫኔ ጋር ባንድ በር ሊገባ?

ታኅሣሥ 2

ኮንስታብል ትሕትና ፍተሻ ልታስተምረን መጣች። ሴቶቹን እሷ፣ ወንዶቹን እኛ። መጀመሪያ ብብት፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሚሊሻው ትዕዛዙ እንዲለማመድብኝ አቆመችኝ። ጎኔን ሲይዘኝ ኮረኮረኝ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ! ትሕትና አፏን በመሐረብ ያዘች።

ተራዬ ደረሰ። እጄን ከትዕዛዙ ልብስ በላይ በላይ አሳለፍኩ።

"አባባ፣ ይዳስሱት እንጂ፤ አይባርኩት" አለች።

ይሄም ሳቅ ሆነ። እኔ የሰው ገላ የዳሰስኩት ስገንዝ ብቻ ነው። በቁሙ ያለ ሰው እንዴት ይዳሰሳል?

ታኅሣሥ 12

ማኅበር በማኅበርተኛችን በመርስዔ ኃዘን ቤት። ጠላው መልካም ነበር። ወንዳፈራሁ በርኖሱን እንደተከናነበ ዋለ። ዳቦውን ቆረሰና ፊቱ አስቀመጠው... አልበላም።

ስንወጣ ሸኘሁት። ረቡዕ በየት ነው የምንገባው አለኝ። አንድ በር ነው፣ ትሰለፋላችሁ አልኩ። ካብ ላይ ቁጭ አለ። 

"ከጫኔ ኋላ ልሰለፍ?"

እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ አትሰለፍም አልኩት። ከአፌ ወጣ። ሚስማሩን የመታው አለቃ፣ ቃል የሰጠሁት እኔ። የማንን ልፈጽም? ሰጠሁ። አለቀ።

ታኅሣሥ 16

ሰው ሳይመጣ በማለዳ ሚስማሩን በጉጠት ነቀልኩ። ሦስቱ ወጡ፣ አራተኛው ተሰበረ።

ወንዳፈራሁን፣ ሚስቱን አያልነሽንና ሁለት ወንድሞቹን በጓሮ አስገባሁ። ወንድሞቹን እንደተማርኩት ፈተሽኩ። አያልነሽ ራሷ ነጠላዋን ገልጣ አሳየችኝ። ወንዳፈራሁ ክንዱን አነሣ። አውርድ አልኩት። ማኅበርተኛዬን አልፈትሽም። ቆም ብሎ አየኝ... አወረደ።

ምስክር ተሰማ። ለጥር 6 ተቀጠረ። በገቡበት ወጡ። ምንም አልሆነም። ይኸው! አለቃው ከፊት በር መጥቶ፣ ዛሬ እንዴት ጸጥ ያለ ቀን ነው አለኝ። ጸጥ ያሰኘውን አልነገርኩትም።

ታኅሣሥ 17

ማለዳ ወንዳፈራሁ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። ከበርኖሱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና መደቡ ላይ አኖረው። ፈታሁት። ሽጉጥ።

የት ነበር አልኩት። ጎኑን ነካ። ትናንት እዚህ ነበር አለኝ።

  እንዳለው ልጻፈው።

"ብትፈትሸኝ ኖሮ ታገኘው ነበር። አልፈተሽከኝም። ያ ልጅ ከፊቴ ተቀምጦ እጄ ሁለቴ ሄደ። ሁለቴም አውርድ ያልከኝ ድምፅህ መጣብኝ። በተገኘ በር ገብቼ እንዴት ብዬ አልኩ።"

ከዚያ በሩ ላይ ደረሰና ዞረ።

"ዳግመኛ ግን አትመነኝ።"

ሄደ። የሄደበትን ቁልቁለት ሳይ ቆየሁ። በጎቹን አላወጣኋቸውም።

ታኅሣሥ 18

መደቡ ሥር ነው ያለው። የማደርገውን አላውቅም።

ታኅሣሥ 19

ስላመንኩት አልተኮሰም። ባላምነው ይዞ አይገባም ነበር። ታዲያ የጫኔን ልጅ ያተረፍኩት እኔ ነኝ ወይስ ለሞት ያቀረብኩት እኔ ነኝ? ወንዳፈራሁንስ? ተኩሶ ቢሆን ዛሬ እሱም እስር ቤት ነበር... አያልነሽ ብቻዋን።

ብናገር ማኅበርተኛዬን አሳልፌ መስጠቴ ነው። ዝም ብልስ? ለጥር 6 ደግሞ ሊመጣ ነው። አትመነኝ ብሏል በአፉ።

የነፍስ አባቴን አባ ገብረ አማኑኤልን ልጠይቅ ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልጀምር?

ታኅሣሥ 21

ነገርኩት። ሽጉጡን አለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና፣ ይሄ ረቡዕ በኔ በር ችሎት ገብቷል አልኩ። ሚስማሩንም የነቀልኩት እኔ ነኝ።

አንሥቶ አየው። ጥይት ጎርሷል። ፊቱ ተለወጠ። ማን ነው የያዘው አለ። የበሩ ጥፋት የኔ ነው፣ ስም አልሰጥም አልኩ። ደጋግሞ ጠየቀ። ደጋግሜ አልሰጥም አልኩ።

"ላስርዎት እንደምችል ያውቃሉ?"

"ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው፣ ልጄ።"

አላሰረኝም። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ያን በር ያስዘጋሁት ለዚህ ነበር እኮ አቶ ተገኘ አለ፣ ቀስ ብሎ።  

እስኪወሰን ቤትዎ ይቀመጡ ተባልኩ። መለዮዬን አስረከብኩ።

ታኅሣሥ 29

ልደት። ቤተ ክርስቲያን ወንዳፈራሁን በሩቅ አየሁት። እሱም አየኝ። አልተጠጋንም።

ጥር 6

ትዕዛዙ እያለከለከ መጣ። ሁሉንም ባንድ በር አሰልፈው ፈተሹ አለ። አንድ ሴንጢ እንኳ አልተገኘም። ሰልፉ ላይ የጫኔ ወንድም ዞር ብሎ አያልነሽን አያት። ማየት ብቻ ነው ይላል ትዕዛዙ። ከወንዳፈራሁ ወንድሞች አንዱ ከካቡ ድንጋይ አነሣ። ከዚያ ሁሉም አነሣ... ሦስት ሰው ተፈነከተ። ትሕትና መሐል ገብታ ግንባሯ ተተረተረ። ሚሊሻዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ችሎቱ ለየካቲት 4 ተላለፈ።

ካቡን ማን ሊፈትሽ ነው?

ትዕዛዙ፣ አባባ እርስዎ ልክ ነበሩ አለኝ። ሂድ ወደ ሥራህ አልኩት። ልክ ከሆንኩ ለምን ደስ አይለኝም? የዚያች ልጅ ግንባር... ልክ ከሆንኩስ ያ ሽጉጥ ምንድን ነው?

ጥር 9

አለቃው ራሱ ቤቴ መጣ። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቆሎ አቀረብኩለት፣ በላ። 

ከዚያ፣ እኔም አላወቅሁም፣ እርስዎም አላወቁም አለ። የጓሮው በር ይከፈት ብሏል። የሟች ወገን በዚያ፣ የገዳይ ወገን በፊት፣ እንደ ድሮው። ካቡም ከግቢ ይነሣል። ግን በሁለቱም በር ፍተሻ አለ። ዳኛውም ቢሆን። ጓሮውን እርስዎ ይያዙ አለኝ።

ሌላ ሰው አድርግበት አልኩ። የቆመውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ...

"ሌላ ሰው ቢፈትሻቸው ይናደዳሉ። እርስዎ ከፈተሹ ግን ይቀበላሉ።"

ልጅ ነው ብዬ ነበር። የባለሽጉጡንም ስም መልሶ አልጠየቀኝም። ያወቀ ይመስለኛል።

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለሱ ነው ለማን ነው... እንጃ።

የካቲት 4

ፍርድ። ለጫኔ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት። በሁለት በር ገቡ፣ በሁለት በር ወጡ። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ይሄን ደግሞ ልጻፈው።

ወንዳፈራሁ ከወንድሞቹ ኋላ መጣ። ፊቴ ቆመ። አውርድ የምል መስሎት ይሁን፣ እንደማልል አውቆ ይሁን አላውቅም። ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ። በርኖሱን ገለጥኩ። እጄን አስገባሁ። እንደተማርኩት... ብብቱን፣ ጎኑን፣ ወገቡን።

ሥጋ የለውም። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ተቆጠረልኝ። ቀበቶው ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ያ ቀንበር ብቻውን ተሸክሞ የሚወጣ ሰውዬ! ከሐምሌ ጀምሮ በየማኅበሩ አጠገቤ ተቀምጧል። ዳቦውን ሲተወው አይቻለሁ። በርኖሱን ነበር የማየው ለካ። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሃል ብዬ እጄን አላኖርኩበትም።

እጄን ከጎኑ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

"አገኘህ?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

"የለህም" አልኩት። "ምንም የለህም ወንዳፈራሁ።"

ዓይኑ ሞላ። ግባ አልኩት፣ ገባ።

ከሰዓት ችሎቱ ሲነሣ በጓሮ ጠበቅሁት። ዛሬ እኔ ቤት ነው የምትበላው አልኩት። አያልነሽን ከወንድሞቹ ጋር ሰደድናትና አብረን መጣን። ሹሮውን እኔው ሠራሁት፣ ጨው በዛበት። በላ። ሁለት እንጀራ በላ፣ ሲበላ እያየሁት።

ነገም አመጣዋለሁ።