ለእናትህ ስትል ያልሞትክባቸው ፊልሞች

ታዴ ሆዴ፣

ስለ ጤናህማ አልጠይቅህም፤ እዚያ ሕመም የለም ይላሉ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ቤተ ክርስቲያን አወጣንልህ፤ ሰዉ ሞልቶ ወጥ አነሰን። የማያውቅህ ሁሉ ሳይቀር "ያ የፊልሙ ሰውዬ" እያለ መጥቶ በላ። ብታይ ትስቅ ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ያ የሚያፈሰው ጣሪያ ተሠራ። ልጃችን መክሊት ኮሌጅ ጀምራለች፤ ያንተን መኪና ነው የምትነዳው። የመጀመሪያ ቀን ወንበሩን ወደ ፊት ስትስበው "የአባቢን ቦታ ነካሁት" ብላ አለቀሰች። እኔም እዚያው ኬኔሶ፣ አረጋውያን መጦሪያው ነው የምሠራው። የጠዋት ሺፍት ሰጥተውኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። የመጨረሻ ፊልምህን አየሁት። ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ ብታውቀውም ሌላም ሰው ያነበው ይሆናል።

አንተ በወጣትነትህ ለንደን ገብተህ፣ ቀን ሆቴል ዕቃ እያጠብክ ማታ ትያትር የተማርክ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ያወጣህ ሰው ነህ። መድረክ ላይ የጀመርከው ጦር ይዘህ በመቆም ነው፤ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ሳይወጣህ! ከዚያ ቴሌቪዥን ገባህ፤ በመጀመሪያው ሥራህ በጥይት ተመትተህ ትወድቃለህ። አንዱ የሰፈር ልጅ ካሴቱን አዲስ አበባ ይወስደዋል። ጎረቤት ቤት ሲታይ እናትህ እማማ በላይነሽ ድንገት ይገባሉ። ልጃቸው በደም ተነክሮ! "ኧረ ፊልም ነው" ቢሏቸው ማን ሊሰማ። ጮኹ፤ ሰፈሩ ተጠራርቶ መጣ፤ እድሩ ድንኳን ሊተክል ሲል ነው አሉ አንተ በስልክ የተገኘኸው። በሕይወት መኖርህን ሲሰሙ ደስታው ቀርቶ ስድብ ሆነ። "አንተ ምናምንቴ! በሞት ይቀለዳል? ሁለተኛ ሞተህ ባይህ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ!"

አንተም ማልክላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚላክልህን ጽሑፍ ከመጨረሻው ገጽ ነበር የምታነበው፤ ሰውየው የሚሞት ከሆነ ትመልሰዋለህ። መድረክ ላይ ብቻ ትሞታለህ፤ "እማዬ ለንደን ትያትር ቤት አትመጣም" እያልክ፣ ቅዳሜ ቅዳሜማ ትያትሩ ሁለቴ ስለሚታይ ሁለቴ። በፊልም ግን በጭራሽ። ጥቁር ተዋናይ ደግሞ ፊልሙ ሳይጋመስ ነው የሚገደለው፤ ስንት ትልልቅ ሥራ እንዳመለጠህ እግዜር ይወቀው። የቀረልህ ዳኛ፣ ሐኪም፣ ታክሲ ነጂ፣ የሆቴል በረኛ መሆን ነው። ሥራ የሚያፈላልግልህ ሰውዬ "አንተን የሚገድልህ ነገር የለም፤ እኔን ግን በረሃብ ልትገድለኝ ነው" ይልህ ነበር።

አትላንታም የመጣኸው በአንድ ፊልም ላይ ሐኪም ለመሆን ነው። እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ገብተህ፣ ክትፎህን ሦስት ጊዜ "ትንሽ ሚጥሚጣ" እያልክ አመላለስከኝ። ለካ ምክንያቱ ምግቡ አልነበረም። ፊልሙ አልቆ ሌሎቹ ሲሄዱ አንተ ቀረህ።

እዚህም ፊልም ሞልቷል፤ ኦዲሽኑን፣ የመመረጫ ቀረጻውን ማለቴ ነው፣ ከሳሎናችን ነበር የምትልከው። እኔ ስልኩን ይዤ እቀርጽሃለሁ፣ የሌላውንም ሰው ንግግር አነብልሃለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት የፖሊስ አዛዥ ሆና! መክሊት ትራስ ነክሳ ስትስቅ አንተ ፊትህ ቅንጣት አይነቃነቅም። አንድ ቀን እንኳ በእንግሊዝኛዬ አላሳፈርከኝም። ለዚህ ብቻ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ታዲያ በመጨረሻው ፊልም የተቀየምኩህ ለዚሁ ነው። እማማ በላይነሽ ባረፉ በዓመቱ፣ አንተም ታመህ ሳለ፣ መክሊትን ጠርተህ በር ዘግታችሁ ኦዲሽኑን ቀረጻችሁ። እኔ ደጅ ቀረሁ። እንግሊዝኛዬ የሰለቸህ መሰለኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩህ፤ ምሳህን አስቀምጬልህ እወጣለሁ። አንተም ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም።

ሥራውን አግኝተህ፣ ፊልሙንም እንደምንም ሠርተህ ጨረስክ። ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ሐኪሙ ገና ሳምንታት አሉት ስላለኝ ሥራ ገብቼ ነበር። መክሊት ስትደውል የሌላ ሰው እናት እያጎረስኩ ነበር። ከኬኔሶ ስቶን ማውንቴን፣ ቤታችን ድረስ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ። አደጋ ደርሶ ሃይዌዩ ቆሟል፤ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ። ስደርስ አልቋል። የስንቱን ሰው እጅ ይዤ የሸኘሁ ሴት፣ ያንተን እጅ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ልጄ አጠገብህ ነበረች፣ ተመስገን፤ እኔን ግን ዓመት ሙሉ ያቃጠለኝ ይኸው አለመድረሴ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ መክሊት ተናዘዘችልኝ። "ማሚ፣ አባቢ እዚያ ላይ ይሞታል። አያቴ ስላረፈች እሺ አለ። ስለ አንቺ ግን 'ይሄን እሷ አታነበውም፤ አትችለውም' አለኝ" አለችኝ። ኩርፊያዬ ሁሉ አፈረ። ቢሆንም አላይም አልኩ፤ አንዴ ሞቷል፣ ይበቃል። የነፍስ አባቴን ስጠይቃቸው "ኃጢአትስ የለበትም፤ ብቻ እሪ ብለሽ ሰው እንዳታስደነግጪ" አሉኝ። ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ መክሊት እጄን ይዛ ሲኒማ ቤት አስገባችኝ።

አልጋ ላይ ተኝተሃል። ዓይኔን ልጨፍን ስል እጅህን አየሁት። ጣቶችህ የአንሶላውን ጠርዝ ይለቅማሉ። ታዴ! ይህን እኮ እኔ ነኝ የነገርኩህ! አንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ መጥተህ "ሰው ሲሄድ እጁ ምን ይሠራል?" ብለህ ጠየቅከኝ። የሥራ ወሬ መስሎኝ፣ አንሶላ ይለቅማል፣ ትንፋሹም ይቆማል፣ በቃ ስትል ይመለሳል ብዬ አወራሁልህ። ሁሉንም እንዳልኩህ አደረግከው፤ አንዲት አላጓደልክም። ለካ ደጅ አልቀረሁም። ያንን ሥራ ከእኔ ጋር ነው የሠራኸው።

አጠገብህ ያለችው ተዋናይ ግን እጅህን ይዛ ዝም አለች። ምን ታድርግ፣ የነገራት የለም። ሰው ሲሄድ ዝም አይባልም፤ መጨረሻ የሚሄደው ጆሮ ነው። እኔ ታዲያ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ታዴ፣ አለሁ። እዚህ ነኝ። አትፍራ፣ ሂድ በሰላም" አልኩህ። ከፊታችን የተቀመጡ ባልና ሚስት ዞሩ። መክሊት በእንግሊዝኛ "ይቅርታ፣ አባቴ ነው" አለቻቸው። ሴትየዋ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችኝ፤ በፊልሙ መጨረሻ የተዋንያኑ ስም ሲወርድ ስምህ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ።

እስከዛሬ ሥራህን ከፍቼ ማየት አልችልም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከመክሊት ጋር ከመጀመሪያው ጀምረን አንድ አንድ እያየን ነው። ስንጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ አንድም ቅዳሜ ሳላይህ አያልፍም። ዛሬ ተራው ጃንጥላ ይዘህ አውቶቡስ የምትጠብቅበት ነው፤ አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው የምትታየው። መክሊት ከፍታዋለች። እንዳታመልጠኝ ልሂድ።

የዘወትር ባለቤትህ፣
አልማዝ