የጠዋት ኪኒን

ይድረስ ለአባዬ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ ግን ጥያቄው ስለማይሆን ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ሥራ አግኝቻለሁ። ወገዳ ከተማ ነው ያለሁት፤ ጤና መጠየቅ አሁን እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርዎ። እማዬ ከሏን በሙት ዓመትዎ አወለቀች። ጥምጥምዎን አጥባ ሣጥን ውስጥ አስገብታዋለች፤ ጭራዎን ግን ከምሰሶው ላይ አላወረደችም። መሬቱን አጎቴ በእኩል ይዞታል፤ አስተራረሱን ቢያዩ ይቆጡ ነበር። በደብሩ በእርስዎ ቦታ ወጣት ቄስ ገብተዋል። ሰው ድምፃቸውን ያመሰግናል፤ እማዬ ግን ይፈጥናሉ ትላለች።

ሥራው ቶሎ አልተገኘም። የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ፣ ተመረቅኩ፣ ከዚያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ቤት ተቀመጥኩ። በየሳምንቱ ከገበያተኛው ጋር አርብ ገበያ እየሄድኩ ማስታወቂያ አነብ ነበር። ሁሉም የሥራ ልምድ ይላል። እርስዎ ቢኖሩ ድቁና ሳይቀበሉ ቅስና የለም ብለው ያሾፉብኝ ነበር። የመንደሩ ሰው ደግሞ ያች የቄሱ ልጅ ተምራ ተምራ ቤት ዋለች ይል ጀመር፤ እውነቱን ነው።

በሰኔ መጨረሻ አብራኝ የተማረች ልጅ ደውላ ወገዳ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል አለችኝ። ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱን አልነግርዎትም። ባለ ክሊኒኩን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ቁጡ ናቸው፣ ሥራ ግን ያውቃሉ። ወረቀቴን ሳያዩ ክንዳቸውን ዘርግተው ግፊቴን ለኪ አሉኝ። ለካሁ። የሁለት ወር ሙከራ ሰጡኝ፤ ካልሆነልሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ አሉ። ባዶ እጄን ተመልሼ የእማዬን ፊት ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ አፌን ዘግቼ መሥራት ያዝኩ።

እውነቱን ልናገርና፣ እስከ ፍልሰታ ድረስ ብዙም አላሰብኩዎትም ነበር።

በጾሙ አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ስማቸውን ለሙትም ቢሆን አልናገርም፤ የሥራዬ ሕግ ነው። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ግፊታቸውም በጣም ከፍ ብሏል። ኪኒኑንና ውኃውን ሳቀርብላቸው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምሱም። ልጃቸው ለመነች፣ እኔም ለመንኩ። ጋሼ ከውስጥ ሆነው፣ እምቢ ካሉ እምቢ አሉ ብለሽ ጻፊና ሌላ ሰው አስገቢ አሉኝ። እስክሪብቶውን አነሣሁ።

እጅን ጋቢ ውስጥ መክተት የእርስዎ ነበር፣ አባዬ።

በመጨረሻው ሁዳዴዎ ለአንድ ሳምንት ቤት መጥቼ ነበር። የግፊት ኪኒንዎ የጠዋትና የማታ ነበር፤ የማታውን ይውጣሉ፣ የጠዋቱን ይዘላሉ። ከራስጌዎ ያልተነካ እሽግ አገኘሁ። ለስንቱ የንስሐ ልጅዎ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ሲፈቅዱ ሰምቻለሁ። ለራስዎ ሲሆን እኔ ካህን ነኝ አሉኝና ነገሩ በዚያ አለቀ። የነርስ ተማሪ ነበርኩ፣ ግን ልጅዎ ነኝ፤ አባት፣ ያውም ቄስ፣ በልጁ አይመከርም። እሽጉን ወደ ቦታው መልሼ ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግማሽ ጎንዎን ያዘዎት።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ልጃቸውን የንስሐ አባታቸው የት እንዳሉ ጠየቅኳት። ዛሬ የቅዳሴ ተራቸው አይደለም፣ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው አለችኝ። ለጋሼ ሳልናገር ጋውኔን እንደለበስኩ ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው። ቄሱን ከማሳቸው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ቀድመውኝ ሄዱ። ከሽማግሌው በዕድሜ ያንሳሉ፣ ግን መስቀሉን ከራሳቸው ላይ አድርገው፣ በል ዋጥ ልጄ፣ ጾሙን እኔ እይዝልሃለሁ አሏቸው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። ማታ ሲሄዱ ግፊታቸው ወርዶ ነበር።

እኔ ቄሱን ልጠራ በሄድኩበት ሰዓት ሰልፉ በረንዳውን ሞልቶ ጋሼ መርፌውን ሁሉ ራሳቸው ሲወጉ ቆይተዋል። ቄሱ እስኪሄዱ ጠበቁና፣ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ሥራ ጥሎ ሲሄድ ገና አሁን አየሁ አሉ። የሄድኩበትን ስነግራቸው አፈጠጡብኝ። ቄሱ ስልክ የላቸውም እንዴ? አሉኝ።

ነበራቸው። ዛሬ ስልክ ያልያዘ ቄስ የለም። እኔ ግን የንስሐ አባት በእግር ተሂዶ የሚጠራ ሆኖ ነው የታየኝ። የቄስ ልጅ መሆን እንዲህም ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ከሥራ በቀር አላነጋገሩኝም። ልብሴን አጣጥፌ ጠበቅኩ። በሙከራዬ መጨረሻ ቀን ውሉን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉልኝ። ሁለተኛ ከወጣሽ አትመለሺ፤ ከእንግዲህ በጾም በሚመጣው ሰው ሁሉ ካርድ ላይ የንስሐ አባቱን ስምና ስልክ ጻፊ አሉኝ። ፈረምኩ። በጣም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነበርና፣ የመጀመሪያውን ካርድ ስሞላ እጄ ቆመ። እርስዎም የንስሐ አባት ነበሩዎት። ስልክ የገዙ ቀን ቁጥራቸውን የመዘገብኩልዎት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቁጥር ቀጥሎ ነው ያለው። እሽጉን ያገኘሁ ዕለት አንድ ጊዜ ብደውልላቸው ኖሮ እርስዎንም በል ዋጥ ይሉዎት ነበር። በቀብርዎ ዕለት ከጎኔ ቆመው ሲያለቅሱ እንኳ ስለ ኪኒኑ አልነገርኳቸውም። ይቅር ይበሉኝ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ይህን ለማለት ነው።

በየጾሙ ያችን መስመር በሞላሁ ቁጥር አስብዎታለሁ፤ ጋሼ ትእዛዛቸውን የማከብር ይመስላቸዋል። የመጀመሪያውን ፈቃዴን ስወስድ ቤት እመጣለሁ። ስልክዎን እማዬ እስካሁን ቻርጅ ታደርገዋለች፣ የንስሐ አባትዎ ቁጥርም እዚያው አለ። ግን አልደውልም። እሳቸው ዘንድ በእግሬ ሄጄ እናገራለሁ።

ልጅዎ፣
ከወገዳ